የታላቁ እስክንድርን ልጅነትና ትምህርት በታሪክ ክበብ ማስተማር፦ ለጅማ መምህራን

ስለ ታላቁ እስክንድር የሚያስተምር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከጦርነቶቹ ነው። ተማሪዎች ግን የሚጠይቁት ሌላ ነው። በሃያ ዓመቱ መንግሥት የተረከበ ወጣት በአሥር ዓመት ውስጥ ከመቄዶንያ ተነስቶ እስከ ሕንድ እንዴት ደረሰ? ማን አሳደገው? ምን ተማረ? ይህን ለመመለስ ከ356 እስከ 336 ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉትን ሃያ ዓመታት መያዝ ያስፈልጋል። ይህ መመሪያ እነዚያን ዓመታት በአራት የክበብ ስብሰባ፣ እያንዳንዱን በ40 ደቂቃ ለማስተማር የሚያስፈልገውን ይዟል። የተዘጋጀው በጅማና በአካባቢዋ የታሪክ ክበብ ለሚመሩ መምህራን ስለሆነ ዕቃውንም ሰዓቱንም የመረጥነው ለዚሁ ቦታ እንዲስማማ አድርገን ነው።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት መምህሩ ራሱ አንድ ነገር አጥብቆ መያዝ አለበት። ስለ እስክንድር ልጅነት ከሚነገረው አብዛኛው የመጣው ከአንድ ጸሐፊ፣ ከፕሉታርክ ነው። ፕሉታርክ ደግሞ የጻፈው እስክንድር ከሞተ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። በጥንቃቄው የሚታወቀው ሌላው የጥንት ጸሐፊ አርያን ትረካውን የሚጀምረው ከአባቱ ከፊልጶስ ሞት ስለሆነ ልጅነቱን አይነካም ማለት ይቻላል። የሮማዊው ጸሐፊ የኩርቲዩስ ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ጠፍተዋል። ከእስክንድር ጋር የዘመተው ኦኔሲክሪቶስ በተለይ ስለ አስተዳደጉ ጽፎ ነበር፤ ያም ጠፍቷል። ስለዚህ ክበቡ ታሪኩን እየሰማ ብቻ መውጣት የለበትም። ስለ እያንዳንዱ ነገር «ይህን ያለው ማን ነው? መቼ ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅን መልመድ አለበት። አራቱም ስብሰባዎች የተሠሩት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

የሚያስፈልግ ዕቃ

7 ሜትር ሲባጎ፣ ሜትር፣ 6 ኤ4 ወረቀት፣ 24 የልብስ መቆንጠጫ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊና ቀይ ማርከር፣ አንድ ትልቅ የካርታ ወረቀት። እያንዳንዱን ኤ4 በአራት ቆርጣችሁ 24 ካርድ አውጡ። መቆንጠጫ ከጠፋ ካርዱን አጥፎ ሲባጎው ላይ ማንጠልጠልና በፕላስተር ማያያዝ ይበቃል። በስፒል ወይም በስቴፕለር አትምቱት፤ ካርዶቹ ቦታ ስለሚቀያየሩ በሁለተኛው ስብሰባ ተቀዳደው ያልቃሉ።

ስሞቹን በፊደልም በቁቤም ጻፏቸው። በጅማ ክበቦች ውስጥ በአማርኛ የተማረውም በአፋን ኦሮሞ የተማረውም አብሮ ይቀመጣል፤ አንዱ «እስክንድር» ሲል ሌላው «አሌክሳንደር» ይላል። አሪስቶትልም በቆዩ መጻሕፍት «አርስጣጣሊስ» ተብሎ ስለሚገኝ ሁለቱም አንድ ሰው መሆኑን በካርዱ ጀርባ አስፍሩ።

የመጀመሪያው ስብሰባ፦ የዘመን ሲባጎ

ሲባጎውን በክፍሉ ረጅም ግድግዳ ላይ፣ በተማሪ ትከሻ ከፍታ ወጥሩ። ለአንድ ዓመት 20 ሳንቲ ሜትር ስጡ። እስክንድር 33 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ስለሞተ መላው ዕድሜው 6 ሜትር ከ60 ግድም ይወስዳል፤ የቀረው ለሁለቱ ጫፎች ማሰሪያ ነው። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ለአንድ ዓመት 15 ሳንቲ ሜትር አድርጉት፤ ያኔ 5 ሜትር ግድግዳ ይበቃል።

ከግራ ጫፍ፣ ከዜሮ፣ የልደቱን ካርድ ስቀሉ፦ 356፣ ጴላ (የመቄዶንያ ዋና ከተማ)፣ ሐምሌ ወር ግድም። ከዚያ በ2 ሜትር ከ60 ላይ 343ን፣ አሪስቶትል የመጣበትን ዓመት ስቀሉ። በ3 ሜትር ከ20 ላይ 340ን፣ አባቱ ዘምቶ ልጁ መንግሥት የጠበቀበትን። በ3 ሜትር ከ60 ላይ ፊልጶስ አቴናንና ቴብስን ያሸነፈበትን የ338ቱን የካይሮኒያ ጦርነት። በ4 ሜትር ከ5 ላይ ፊልጶስ የተገደለበትን የ336 መጸው። በ4 ሜትር ከ35 ላይ ወደ እስያ የተሻገረበትን የ334 ጸደይ። የመጨረሻው ካርድ የ323 ሰኔ፣ ባቢሎን፣ ሞት፤ ቦታው 6 ሜትር ከ58 ነው።

ይህን የመጨረሻውን ካርድ ተማሪዎች 6 ሜትር ከ60 ላይ ቢሰቅሉት አትቆጧቸው፤ ለምን እንዳልሆነ እንዲያገኙት አድርጉ። 356 ሲቀነስ 323 በእርግጥ 33 ነው። ግን የተወለደው በሐምሌ፣ የሞተው በሰኔ ስለሆነ 33ኛ ዓመቱን አልደፈነም። ስለዚህ በ32 ዓመቱ ሞተ እንላለን። ስለ እስክንድር ዕድሜ «32 ነው»፣ «33 ነው» እየተባለ የሚነሳው ክርክር ከዚህ ስሌት የመጣ ነው።

በዚህ ስብሰባ የሚበላሹ ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከልደት በፊት ያሉ ዓመታት ወደ ኋላ መቆጠራቸው ነው፤ ተማሪው 338 ከ356 ያነሰ ቁጥር ስለሆነ ቀድሞ የመጣ ይመስለዋል። ሲባጎው ላይ በግራ 356ን፣ በቀኝ 323ን ሲያይ ይህ ከብዙ ማብራሪያ በተሻለ ይገባዋል። ሁለተኛው የእኛው የቀን አቆጣጠር ነው። ጎበዝ ተማሪዎች «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስምንት እንቀንስ ወይ?» ይላሉ። አይቀነስም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉት እነዚህ ዓመታት በተለመደው የአውሮፓውያን አቆጣጠር እንዳሉ ይያዛሉ። «ስንት ዓመት ሆነው?» ሲባል ግን የዛሬውን ቀን ወደ አውሮፓውያኑ መቀየር ግድ ነው። ለምሳሌ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. በእነሱ 2025 ነው፤ 356 ሲደመር 2025 ይሆናል 2381፤ በመካከል ዜሮ የሚባል ዓመት ስለሌለ አንድ ይቀነሳል፣ 2380። ይህን ስሌት አንድ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ይሥራው።

በቀረው ጊዜ ቀለሙን አስተዋውቁ። ከአንድ በላይ የጥንት ጸሐፊ የሚመሰክርለት ነገር በጥቁር ይጻፋል። በዋናነት ፕሉታርክ የተረከልን በሰማያዊ። አፈ ታሪክ በቀይ። ልደቱ፣ ወላጆቹ፣ የአሪስቶትል መምህርነት፣ ካይሮኒያ፣ የፊልጶስ መገደል ጥቁር ናቸው። ከዚህ በኋላ የሚመጡት የልጅነት ወጎች አብዛኞቹ ሰማያዊ ይሆናሉ። ሰማያዊ ማለት ሐሰት ማለት አይደለም፤ ይህን ደጋግማችሁ ንገሯቸው፤ አለበለዚያ ተማሪው ሰማያዊውን ሁሉ ተረት ብሎ ይጥለዋል።

ሁለተኛው ስብሰባ፦ የጴላ ልጅ

ስለ አባቱ ከአምስት ደቂቃ በላይ አትውሰዱ፤ አንድ ነገር ግን አትዝለሉ። ፊልጶስ ራሱ በጉርምስናው በቴብስ ከተማ መያዣ ሆኖ ኖሯል። ያን ጊዜ ቴብስ በ371 ሌውክትራ ላይ ስፓርታን የሰበረው የኤፓሚኖንዳስ ከተማ ነበረች፤ በግሪክ ምድር አዲስ የጦር ስልት የሚታይባት እሷ ነበረች። ፊልጶስ በ359 ሥልጣን ሲይዝ የመቄዶንያን ጦር እንደገና አደራጀ፤ 12 ክንድ የሚደርስ ረጅም ጦር ያስታጠቃቸውን እግረኞች አሰለፈ። 12 ክንድ ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ በሜትር ለክታችሁ መሬት ላይ አሳዩ። እስክንድር የወረሰው ዘውድ ብቻ ሳይሆን የተዘጋጀ ሠራዊትም መሆኑ የሚገባቸው እዚህ ላይ ነው።

እናቱ ኦሊምፒያስ ከኤፒሮስ ንጉሣዊ ቤት ናት። ቤተሰቧ ዘሩን ከትሮይ ጦርነት ጀግና ከአኪሌስ፣ የፊልጶስ ቤት ደግሞ ዘሩን ከሄራክሌስ ይቆጥር ነበር። የአባቶቹን ስም ወደ ላይ ቆጥሮ ማውረድ የለመደ የጅማ ልጅ ይህ ለአንድ ልዑል ምን ያህል እንደሚከብድ ቶሎ ይረዳዋል። ለእስክንድር የትሮይ ጦርነት ታሪክ የአያቶቹ ታሪክ ነበር።

ሞግዚቶቹን በተመለከተ በመጀመሪያ ከስም መምታታት ተጠበቁ። የልጅነት አስተማሪው ሊዮኒዳስ የኦሊምፒያስ ዘመድ ነው፤ በ480 በቴርሞፒላይ የሞተው የስፓርታው ንጉሥ ሊዮኒዳስ ሌላ ሰው ነው። ፊልም ያዩ ተማሪዎች ሁለቱን ሳያደባልቁ አይቀሩም። ሌላው አሳዳጊው የአካርናንያው ሊሲማኮስም በኋላ ከጦር አዛዦቹ አንዱ ከሆነው ሊሲማኮስ የተለየ ነው። የእስክንድር እህት ክሊዮፓትራም የግብፅዋ ክሊዮፓትራ አይደለችም፤ በመካከላቸው ወደ ሦስት መቶ ዓመት አለ። ሦስቱንም በአንድ ካርድ ጽፋችሁ በሩ አጠገብ ለጥፉት።

ሊዮኒዳስ ጥብቅ ሰው ነበር። ፕሉታርክ እንደሚለው የልጁን የአልጋ ልብስና የልብስ ሣጥን እየከፈተ እናቱ የድሎት ነገር ደብቃለት እንደሆን ይፈትሽ ነበር። በኋላ የካርያ ንግሥት አዳ ለእስክንድር ጣፋጭ ምግብና የተመረጡ ወጥ ቤቶች ልትሰጠው ስትል፣ ሊዮኒዳስ የሰጠኝ የተሻሉ ወጥ ቤቶች አሉኝ ብሎ መለሰ፤ ለቁርስ የሌሊት ጉዞ፣ ለእራት ደግሞ ቀለል ያለ ቁርስ።

የእጣኑን ወግ ግን በዝርዝር ንገሩ፤ እጣን በየቤቱ ለቡና በሚጨስበት ከተማ ይህ ታሪክ ማስረጃ ይዞ ይመጣል። እስክንድር በመሥዋዕት ላይ እጣን በሁለት እጁ እያፈሰ ሲጨምር ሊዮኒዳስ አይቶ፣ «የእጣኑን አገር ስትይዝ ያኔ እንዲህ ታፈሳለህ፤ እስከዚያው ያለህን ቆጥብ» አለው። በ332 ጋዛን ሲይዝ እስክንድር ለቀድሞ መምህሩ 500 ታላንት እጣንና 100 ታላንት ከርቤ ላከለት። ስሌቱን ለተማሪዎች ስጡ። በአቴና ሚዛን አንድ ታላንት 26 ኪሎ ግድም ነው። እጣኑ 13,000 ኪሎ፣ ከርቤው 2,600 ኪሎ ይሆናል። ከገበያ የተገዛች ጥቂት እጣን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ 13 ቶን ምን እንደሚያህል እንዲገምቱ አድርጉ። ክፍል ውስጥ አታጭሱት፤ አስም ያለበት ልጅ ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደ ፈረሱ እንሂድ። ከመላው የልጅነት ታሪክ ልጆች በጣም የሚወዱት ይህን ነው፤ በደንብ ከተሠራም ስለ እስክንድር አእምሮ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳየው ይኸው ነው።

ፊሎኒቆስ የሚባል የቴሳሊያ ሰው ቡኬፋሎስ የተባለውን ፈረስ ለፊልጶስ በ13 ታላንት ሊሸጥ አመጣ። በብር ሲመዘን 338 ኪሎ ያህል ነው፤ በ60 ኪሎ የቡና ጆንያ ቢሰላ አምስት ጆንያ ተኩል ከፍ ይላል። ፈረሱ ማንንም አላስጠጋ ብሎ ይደነብራል፤ ፊልጶስም ይውሰዱልኝ ይላል። ልጁ ግን ቆሞ ሲያይ ፈረሱ የሚደነግጠው ከፊቱ በሚንቀሳቀሰው በራሱ ጥላ መሆኑን ለየ። የዋጋውን ያህል ተወራረደና ገባ። ያደረገው በቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ልጓሙን ያዘ፤ ፈረሱን ወደ ፀሐይ አዞረው፣ ጥላው ወደ ኋላ ሄደ፤ እየዳበሰው አብሮት ትንሽ ሮጠ፤ ካባውን በቀስታ ጣለ፤ ዘሎ ወጣ፤ ልጓሙን ሳብ አድርጎ ያለ ዱላ ያዘው፤ ድንጋጤው ሲለቀውና መሮጥ ሲፈልግ ያኔ ለቀቀው።

ይህን ግቢ ውስጥ አሳዩ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ይሁን። ጅማ ላይ ፀሐይ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ተኩል ግድም ስለሆነ በምሳ ሰዓት ከወጣችሁ ጥላው እግር ሥር ይሰበሰብና ማሳያው ይከሽፋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ በ3 ሰዓት የ1 ሜትር ከ60 ተማሪ ጥላ ከ2 ሜትር ይበልጣል፤ ይህ በቂ ነው። አንድ ተማሪ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ይቁምና እጁን ያወዛውዝ፤ ጥላው ከፊቱ ሲዘል ሁሉም ያያል። ከዚያ ወደ ፀሐይ ይዙር። ምን ጠፋ? በክረምት ከሆነና ሰማዩ ካልገለጠ መስኮቱን ጋርዳችሁ በስልክ መብራት ሥሩት፤ መብራቱን ከተማሪው ጀርባ በ2 ሜትር ርቀት፣ ከትከሻው ከፍ አድርጋችሁ ያዙት።

ጋሪ ነጂ መጋበዝ ቢቻል የተሻለ ነው። ፈረስ በምን እንደሚደነብርና ለምን በዓይኑ ግራና ቀኝ መከለያ እንደሚደረግለት ከእሱ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። ተማሪዎች ከፈረሱ ቢያንስ 3 ሜትር ርቀው፣ በፊቱ በኩል ይቁሙ፤ በኋላው ማንም አይለፍ። ፈረሱን ሆን ብሎ ማስደንገጥ ፈጽሞ አይፈቀድ።

ካርዱን ስትጽፉ ፈረሱን በጥቁር፣ የመገራቱን ወግ በሰማያዊ ለዩ። ቡኬፋሎስ በእርግጥ ነበረ፤ አርያንም ያውቀዋል፤ በ326 በሕንድ ምድር ከተካሄደው የሂዳስፔስ ጦርነት በኋላ ሲሞት እስክንድር በስሙ ከተማ ቆርቁሮለታል። የልጁን ዕድሜ ግን ፕሉታርክ አይገልጽም። «በ12 ዓመቱ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ካለ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት፤ ካርዱ ላይ «ገና ልጅ ሳለ» ይበቃል።

ፈረስና ንግሥና በዚህ አገር እንግዳ አይደሉም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው፤ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥቱ የቆመው አባ ጅፋርም እንዲሁ። ተማሪዎች ይህን ራሳቸው እንዲያነሱ ጊዜ ስጧቸው። ንጽጽሩን ግን ከዚህ አታሳልፉት። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1878 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣትነቱ ነግሦ እስከ 1932 የቆየው ለምኒልክ በመገበርና በመደራደር ግዛቱን አቆይቶ ነው። ይህ ከእስክንድር መንገድ የተለየ ጥበብ ነው፤ ራሱን የቻለ ስብሰባ ይገባዋል።

ሦስተኛው ስብሰባ፦ ሚኤዛ

ከተቻለ ከክፍል ውጡ። በግቢው ካሉት ዛፎች ጥላ ያለውን መርጣችሁ ተማሪዎቹን በግማሽ ክብ አስቀምጡ። በሚኤዛ የኒምፎች መቅደስ በሚባለው ቦታ አሪስቶትል እስክንድርን ያስተምር የነበረው እንዲህ ባለ ጥላ ሥር ነው፤ በፕሉታርክ ዘመን እንኳ የድንጋይ መቀመጫዎቹና የጥላ መንገዶቹ ለጎብኚ ይታዩ ነበር። ቦታው በዛሬይቱ ሰሜን ግሪክ ናኡሳ ከተማ አጠገብ ነው።

በ343 እስክንድር 13 ዓመቱ ነው። አሪስቶትል ደግሞ 41 ግድም። ተማሪዎች አሪስቶትልን ያኔም ዓለም ያወቀው ሊቅ አድርገው ያስባሉ። በአቴና ሊሲየም የተባለውን ትምህርት ቤቱን የከፈተው ግን በ335፣ እስክንድር ከነገሠ በኋላ ነው። ያን ጊዜ በፈላስፋው በፕላቶን አካዳሚ ሃያ ዓመት ተምሮና አስተምሮ የወጣ፣ በእስያ ዳርቻና በሌስቦስ ደሴት ስለ እንስሳት ሲመራመር የቆየ ሰው ነበር። ለመቄዶንያ ቤተ መንግሥትም ባዕድ አልነበረም፤ አባቱ ኒኮማኮስ የፊልጶስ አባት የንጉሥ አሚንታስ ሐኪም ነበር። የትውልድ ከተማው ስታጊራ በፊልጶስ ጦር ፈርሳ ስለነበር ክፍያው ከተማዋን መልሶ መሥራትና የተበተኑትን ሰዎች መመለስ ሆነ። ይህን አትዝለሉት፤ ለአንድ መምህር ደመወዝ ሙሉ ከተማ መተካት ፊልጶስ ለትምህርቱ የሰጠውን ክብደት ያሳያል።

የተማረው ምንድን ነው? ሥነ ምግባር፣ ፖለቲካ፣ ግጥም፣ ሕክምና። ፕሉታርክ እስክንድር ሕክምናን ይወድ እንደነበር፣ ጓደኞቹ ሲታመሙም መድኃኒትና አመጋገብ ያዝላቸው እንደነበር ይጽፋል። ከሁሉ በላይ ግን ኢሊያድ፣ ስለ ትሮይ ጦርነት የሚተርከው የሆሜር ግጥም። አሪስቶትል ያረመውን ቅጂ ከጩቤው ጋር በትራሱ ሥር እያደረገ ይተኛ ነበር ይባላል፤ በኋላም ከፋርሱ ንጉሥ ከዳርዮስ የተማረከችውን የከበረች ሣጥን ለዚሁ መጽሐፍ መያዣ አደረጋት። መምህሩ የኢሊያድን ታሪክ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መተረክ መቻል አለበት። አኪሌስ ክብሩ ሲነካ ከጦርነቱ ወጣ፤ ወዳጁ ፓትሮክሎስ ሲሞት ተመልሶ ገባ፤ አጭር ዕድሜና ዘላቂ ስም ከረጅም ዕድሜና ከመረሳት ይሻላል ብሎ መረጠ። ይህን ያልሰማ ተማሪ የእስክንድርን ሕይወት ግማሹን አያገኘውም።

አብረውት የተማሩ የመኳንንት ልጆች ነበሩ፤ የልብ ወዳጁ ሄፋይስቲዮንና በኋላ በግብፅ የነገሠው ፕቶለሚ ብዙ ጊዜ ከእነሱ ጋር ይቆጠራሉ። በመቄዶንያ ቤተ መንግሥት የመኳንንት ልጆች ንጉሡን እያገለገሉ፣ አብረው እያደኑና እየዘመቱ የሚያድጉበት ሥርዓት ነበር። ፊልጶስ በዚህ ሥርዓት ሁለት ነገር ያገኝ ነበር፦ የወደፊት አዛዦቹ በእጁ ያድጋሉ፤ አባቶቻቸው ደግሞ ልጆቻቸው በንጉሡ እጅ ስላሉ ማመፅን ይፈራሉ።

እዚህ ላይ የምንለው አንድ ጠንካራ ነገር አለ። «አሪስቶትል ድል አድራጊ አደረገው» የሚለውን አባባል አታስተምሩ። አሪስቶትል ጦር አላስተማረም። ውጊያውን የተማረው ከአባቱ፣ እንደ ፓርሜኒዮንና አንቲፓተር ካሉ የጦር አለቆችና ከአደን ሜዳ ነው። አሪስቶትል የሰጠው የመጠየቅ ልማድ፣ መጽሐፍና የአኪሌስን ምሳሌ ነው። በዋናው ፖለቲካዊ ምክርም ተማሪው አልሰማውም። ፕሉታርክ እንደዘገበው አሪስቶትል ግሪኮችን እንደ ወዳጅ ምራቸው፣ ሌሎቹን ሕዝቦች ግን እንደ ጌታ ግዛቸው ብሎ መክሮት ነበር። እስክንድር በኋላ የፋርስን መኳንንት በሹመት ላይ አስቀመጠ፣ ልብሳቸውን ለበሰ፣ ከእነሱም አገባ። የስብሰባውን የመጨረሻ 15 ደቂቃ ለዚህ ውይይት ስጡ፦ ተማሪ የመምህሩን ምክር ሲተው መምህሩ ከሸፈ ማለት ነው? ብዙ ቋንቋና ሃይማኖት በሚኖርባት ከተማ ልጆች በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ የሚሉት አላቸው፤ መምህሩ ዝም ብሎ ያዳምጥ።

አራተኛው ስብሰባ፦ ከ340 እስከ 336

ክበቡን በአራት ቡድን ክፈሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ካርድ ይዞ በአምስት ደቂቃ ያቅርብ። የመጀመሪያው 340፦ ፊልጶስ ባይዛንቲዮንን ሊወጋ ሲሄድ የ16 ዓመቱን ልጅ የመንግሥቱን ማኅተም ሰጥቶ ተወው። ማይዶይ የተባሉ ሕዝቦች ሲያምፁ ልጁ ዘምቶ አሸነፋቸው፤ በከተማቸውም ሌሎች ሰዎች አስፍሮ አሌክሳንድሮፖሊስ ብሎ ሰየማት። ሁለተኛው 338፦ ካይሮኒያ ላይ በ18 ዓመቱ በአንዱ ክንፍ ተሰልፎ ተዋጋ፤ የቴብስ ቅዱስ ጓድ የሚባለው የተመረጠ ጦር በዚያ ቀን አለቀ። ሦስተኛው 337፦ ፊልጶስ ሌላ ሚስት ሲያገባ የሙሽራይቱ ዘመድ አታሎስ በግብዣው ላይ ሕጋዊ ወራሽ ይወለድ ብሎ ጸለየ፤ እስክንድር ጽዋ ወረወረበት፤ ፊልጶስ ሰይፍ መዝዞ በልጁ ላይ ሲነሳ ተደናቅፎ ወደቀ። ልጁ እናቱን ይዞ ወደ ኤፒሮስ ሸሸ፤ ከዚያም ወደ ኢሊርያ ሄደ። አራተኛው 336፦ በአይጋይ ከተማ፣ በፊልጶስ ሴት ልጅ በክሊዮፓትራ ሠርግ፣ ፓውሳንያስ የተባለ ጠባቂው ፊልጶስን ወግቶ ገደለው።

ሦስተኛውን ካርድ የያዘው ቡድን ብዙ ጊዜ ወደ ቀልድ ይወስደዋል። ጠብቁትና መልሱት፦ ያ ቀን የአልጋ ወራሽነቱ በአደባባይ የተጠየቀበት ቀን ነው፤ ቀጥሎም ፕቶለሚን፣ ኔአርኮስንና ሃርፓሎስን ጨምሮ ወዳጆቹ በፊልጶስ ትእዛዝ ተሰድደዋል። ልጅነቱ የተጠናቀቀው በደስታ አይደለም። ዙፋን ላይ ሲወጣ ግን ወዳጆቹን መለሰ።

ቀይ ካርዶች

ተማሪዎች ከቤት፣ ከመስጊድ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከስልካቸው የሰሙትን ይዘው ይመጣሉ። ለሦስቱ ቀድማችሁ ተዘጋጁ።

በግእዝ የሚገኘው ዜና እስክንድር ከዐረብኛ የተተረጎመ ነው፤ እስክንድርን እግዚአብሔርን የሚፈራ ንጉሥ አድርጎ ያቀርበዋል፤ አባቱንም የግብፁ ንጉሥ ነክታኔቦ ያደርገዋል። በሲባጎው ላይ ፈትኑት። ነክታኔቦ በፋርሶች ተሸንፎ ግብፅን የለቀቀው በ343 ግድም ነው፤ ወሬው ደግሞ ከአገሩ ከሸሸ በኋላ ወደ መቄዶንያ እንደሄደ ይናገራል። ሲባጎው በ2 ሜትር ከ60 ላይ ምን ያሳያል? ልጁ ያን ጊዜ 13 ዓመቱ ነበር። መጽሐፉን ግን አታቃልሉት፤ የመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያውያን እስክንድርን እንዴት እንዳዩት የሚያሳይ ትልቅ ሰነድ ነው።

ሁለተኛው በቁርአን በሱረቱል ካህፍ የተነገረው ዙልቀርነይን ነው። ከተፍሲር ሊቃውንት እስክንድር ነው ያሉም፣ አይደለም ያሉም አሉ። ጽሑፉ የጴላን ወይም የአሪስቶትልን ስም አያነሳም። መምህሩ በዚህ ላይ ፍርድ አይስጥ፤ ጥያቄው ለኡስታዞች ነው፤ ክበቡ ስለ መቄዶንያው ልጅ በጥንት ጸሐፊዎች የተጻፈውን እንደሚያጠና በአክብሮት ተናግሮ ይለፍ። ለዚህ ቀይ ካርድ አትጻፉለት፤ የእምነት ቃል አፈ ታሪክ በሚል ቀለም አይሰቀልም።

ሦስተኛው በየስልኩ የሚዞረው ነው። ሲሞት እጆቼን ከሬሳ ሣጥኑ ውጭ አድርጉልኝ ብሎ ሦስት ኑዛዜ ተወ የሚባለው በጥንት ጸሐፊዎቹ ዘንድ የለም። የሚያሸንፈው ዓለም አለቀበትና አለቀሰ የሚባለውም ተገልብጦ ነው የተነገረው፤ በፕሉታርክ ዘገባ ያለቀሰው ፈላስፋው አናክሳርኮስ ዓለማት ቁጥር የላቸውም ሲል ሰምቶ፣ ገና የአንዱ ጌታ እንኳ አልሆንንም ብሎ ነው። ተማሪው እንዲህ ያለ ጥቅስ ሲያመጣ አትሳቁበት። ካርዱን በቀይ ራሱ ጽፎ ከሲባጎው በታች ይስቀለው፤ ምንጩን ይዞ የመጣ ቀን ቀለሙን ይቀይራል።